ግራ ጆሮና ግራ ወገን

ነቀምቴ፣ ጥቅምት ፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ባሕር ተሻግሮ ይድረስ፦ ለወንድሜ ለአራጋው ልጅ፣ ለዚነት።

ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ፤ የገባሽበት ደጅ የተባረከ፣ የያዝሽው ሥራ የቀና ይሁንልሽ። እኔም ባለቤቴ ሸዋጌጥም፣ ስሙ ይመስገን፣ አለን። አባትሽም አንገር ጉቲን ላይ ማሽላውን ከወፍ እየጠበቀ ነው፤ ቅዳሜ ለገበያ የመጣ ሰው ደኅንነቱን ነግሮናል።

ይህን የምጽፍልሽ ምክር ሽቼ ነው። እኔና አባትሽ የአክስትና የአጎት ልጆች ነን፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነን እዚህ የወረድን ነን። እሱ መስጊዱን፣ እኔ ቤተ ክርስቲያኔን ይዘን ስንኖር አንዳችን ለሌላችን የሸሸግነው የለም። ለአንቺም አልሸሽግም። ነገር ሁሉ በገሃድ አይጻፍምና ግን አስተውለሽ አንብቢው።

በዚህ በጽጌ ወቅት መዘምራኑ ለእሑድ ማኅሌት በቀኝና በግራ ሁለት ወገን ሆነው ይቆማሉ። ቀኙ ያዜማል፣ ግራው ይቀበላል፤ እኔ መሪጌታው በመካከል ቆሜ ሁለቱን አስማማለሁ። ትናንት ቀኙ አዚሞ ሲያበቃ ግራው ዝም አለ። ድንገት ነው፤ ያለ ምልክት። በዚያ ወገን የቀረው ማንም ያልያዘው ጸናጽል ብቻ ነው፤ እሱም አላርፍ ብሎ እስከ አሁን ይንሿሿል። በጉባኤው ፊት የግራውን አለቃ፣ ግራ ጌታ አስናቀውን፣ «ምነው፣ አፋችሁን ምን ያዘው?» ብዬ ተቆጣሁት። አፉን ከፍቶ አየኝ እንጂ አንዳች አልመለሰልኝም። ሸዋጌጥም «ስጠራህ ትኮራለህ» ብላ አኩርፋለች።

አንቺ በሕክምና ቤት የምትውይ ነሽ። ግራ ወገን ዝም ሲል ምን ይደረጋል? ወሬው ሳይዛመት ፈጥነሽ ጻፊልኝ። ወረቀቱን ሸዋጌጥ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች፤ እሷም ማንበብ ታውቃለችና ከዚህ በላይ አልዘረዝርም።

አጎትሽ መሪጌታ ሀብተጊዮርጊስ

*

ኢዝሚር፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017

ለአያ መሪጌታ፣

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርልን። እትዬ ሸዋጌጥን ግራና ቀኝ ጉንጯን ይሳሙልኝ። ኔትወርኩ ጠፍቶ ነው መሰል ደብዳቤዎ ገና ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ።

ሳነበው ደነገጥኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሳቄ መጣ፤ ይቅር ይበሉኝ። እኔ የአራጋው ልጅ ነኝ የቤተ ክርስቲያን ጠብ የምዳኘው? አባቴ ቢሰማ «ቱርክ ሄዳ ደብተራ ሆነች» ብሎ ለአንገር ሕዝብ ሁሉ ያወራብኛል። ግን ጠይቀውኝ ዝም አልልም።

እንደኔ እንደኔ ግራዎቹ ተቀይመዋል። ሰው በሆነ ነገር ቢከፋው ነው ዝም የሚል። በሰው ፊት መቆጣትዎም አልረዳም። ሽማግሌ ይግባበት፤ ነቀምቴ ላይ ጃርሱማ፣ ያው ሽምግልናው፣ የሚያውቅበት ሰው መቼም አይጠፋም። ከዚያ ሞቅ ያለ ነገር ያቅምሷቸው፤ ጠብታም ብትሆን የደረቀውን ታላላለች። ጠዋትም ማታም ይመላለሱባቸው፣ ግን በኃይል አይሁን። ያንን ብቻውን የሚያንሿሿውን ደግሞ በዘዴ ያስወጡት፤ ነገር የሚያባብሰው እሱ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ይከፈታሉ፣ ያዩኛል።

ልጅዎ ዚነት

*

ነቀምቴ፣ ጥቅምት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለብልኋ ልጄ፣ ለዚነት። ጥበብን ለሕፃናት የሚገልጥ ጌታ ይመስገን፤ የጻፍሽው እጅ አይድከም።

ልጄ፣ ቅኔውን ከወዴት ተማርሽው? ለሰሙ ሰም፣ ለወርቁ ወርቅ አድርገሽ ስትመልሺልኝ ዕንባዬ መጣ። እኔ ጆሮዬን በመዘምራን ሰውሬ ብጠይቅሽ፣ አንቺም መድኃኒቱን በሽምግልና ሰውረሽ ላክሽልኝ። «ሞቅ ያለ ጠብታ፣ ጠዋትም ማታም፣ ያለ ኃይል» ያልሽውን ወዲያው ፈታሁት፤ የኑግ ዘይት ለብ አድርጌ በግራ ጆሮዬ አንጠባጠብሁ። «የሚያንሿሿውን በዘዴ አስወጣ» ያልሽውንም በዶሮ ላባ ሞከርሁ። «ሽማግሌ» ያልሽው ግን አልፈታ አለኝ። ያረጀ ነጭ ሽንኩርት ይሆን? አንዱን ፍንካች ልጬ ብወትፍበት አቃጠለኝ እንጂ አልጠቀመኝም።

ጆሮው እንደ ተከረቸመ በር ነው። ጩኸቱ ከውስጥ አያቋርጥም፤ ከአልጋ ስነሣም ቤቱ ይዞርብኛል። በትናንቱ ማኅሌት የግራውን ዜማ የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ እያየሁ አስማማሁት፤ ሁለት ጊዜ ሳትሁ። ማንም ምንም አላለኝም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። መሪጌታ ጆሮው ጎደለ ከተባለ በመካከል የሚያቆመው የለም፤ እኔም ከዚያ ከመካከሉ በቀር በዚህ ዓለም የማውቀው ቦታ የለኝም።

ይህን ወረቀት ሸዋጌጥ ገበያ ሳለች በስልኳ ፎቶ ያነሣልኝ ገና ፊደል ያልቆጠረ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ስለዚህ የሽማግሌውን ፍቺ በገሃድ ጻፊልኝ።

አጎትሽ መሪጌታ ሀብተጊዮርጊስ

*

ኢዝሚር፣ ጥቅምት 11፣ ማታ

አያ! ጆሮዎ ነው እንዴ?

እኔ ቅኔ አላውቅም! ስለ ሰው ነው የጻፍኩት! ሽማግሌ ማለት ሽማግሌ ነው፣ ሞቅ ያለ ማለትም ጠላ ነው! ሱብሃነላህ! ዘይቱን አሁኑኑ ይተዉ። ላባውንም ሽንኩርቱንም ይተዉ። ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም ስለምጽፍ ይቅር ይበሉኝ፤ የእርስዎ ነገር ቀን የሚሰጥ አይደለም።

አብሬው የምሠራውን ሐኪም ጠየቅኩት። በአንድ ሌሊት ድንገት ዝም ያለ ጆሮ ብዙ ጊዜ በቆሻሻ የተደፈነ አይደለም። ከውስጥ ድምፅ የሚቀበለው አካልና ነርቩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ አስቸኳይ ነው። ዋናው መድኃኒት ኮርቲዞን የሚሉት ነው፤ ሐኪም አይቶ የሚያዝልዎ። ስኳር ወይም የደም ግፊት ካለብዎ አስቀድመው ይንገሯቸው።

በዚያ ላይ የሚጨመር ሌላ ሕክምና አለ፤ እኔ የምሠራበት ነው። በጠባብ የብረት ክፍል ውስጥ ሆነው፣ አየሩ በግፊት ታምቆ፣ በጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። ኪኒኑን የሚተካ አይደለም፣ ከኪኒኑ ጋር የሚጨመር ነው። ሕመሙ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቢጀመር ይመረጣል ይላሉ፤ እኛ ደግሞ አንዱን ሳምንት በጠላና በኑግ ዘይት ጨረስነው።

ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይሂዱ። እትዬ ሸዋጌጥ፣ ይህ በስልክሽ ስለሚደርስ አንቺም እንደምታነቢው አውቃለሁ፤ እምቢ ቢሉሽ እየጎተትሽ ውሰጃቸው።

ዚነት

*

ነቀምቴ፣ ጥቅምት ፲፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለዚነት፣ ቁጣዋ እንደ ምርቃት ለደረሰኝ። አምላክ የተሳሳተውን ያቅና፤ የእኔንም ብልጠት ይቅር ይበል።

ሸዋጌጥ ደብዳቤሽን አንብባ ከሳቀችብኝ በኋላ አለቀሰች። «ስምንት ቀን ሙሉ በግራህ ተኝቼ ስለፈልፍ ለግድግዳ ነው የማወራው?» አለችኝ። ከዚያ እንዳልሽው ጎትታ ወሰደችኝ።

ያየኝ ዶክተር ቀነአ የሚባል የዚሁ አገር ልጅ ነው። ሁለት ጣት ያለው ብረት አጩሆ ግንባሬ መካከል አቆመና «አባባ፣ በየት በኩል ይሰማዎታል?» አለኝ።

«በቀኝ ብቻ» አልሁት። «ደግሞም ብረትህ ከዜማው ትንሽ ከፍ ይላል።»

«እንዴት?»

«ዝቅ ቢል ያምርበት ነበር።»

«አባባ፣ ብረቱን አይደለም የምንመረምረው!» ብሎ ሳቀ። ሌላውን ምርመራ ሲጨርስ ግን ሳቁን አቆመ። ነርቩ ሳይሆን አይቀርም፣ ዘግይተዋል፣ ግን አልረፈደም አለና ኪኒኑን አዘዘልኝ። የደም ግፊቴንም ለክቶ «ይህ ከፍ ብሏል፣ ጨው ይተዉ፣ ግፊትዎን እንቀንስ፣ ስኳርዎንም እንከታተል» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ልጄ ግራ የገባኝ። አንቺ «ግፊት ውስጥ ግባ» ትያለሽ፣ እሱ «ግፊት ቀንስ» ይላል። በአንድ ጆሮ ሁለት ትእዛዝ እንዴት ይፈጸማል? ስለ ብረቱ ክፍል ብጠይቀው፣ «ሰምቻለሁ፤ ከኪኒኑ ጋር ሲጨመር አንዳንዱን ሰው ይረዳል፣ ሁሉን አይደለም። እዚህ የለንም። አዲስ አበባ ካገኙ ግን አይዘግዩ» አለ። ይረዳል፣ አይረዳም፤ አለ፣ የለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት «ይሆናል» በሚል ቃል ላይ ቤት አይሠራም።

ደግሞ ሌላ አለ። ኅዳር አንድ ቀን የጽጌ መዝጊያ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ቀኝና ግራ በአንድ ድምፅ ያዜማሉ። አዲስ አበባ ከወረድሁ ያልፈኛል። ምን ብዬ እቀራለሁ? ያለ ጥፋቱ የተቆጣሁትን አስናቀውንስ በምን ፊት አየዋለሁ?

አጎትሽ መሪጌታ ሀብተጊዮርጊስ

*

ኢዝሚር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017

ለአያ መሪጌታ፣

አላህ መንገድዎን ያቅናልዎ፤ ያንን ዶክተርም ይባርከው። አሁን ያለ ሰም፣ ያለ ወርቅ ልጻፍልዎ።

ግፊት ሁለት ነው። ዶክተሩ የሚቀንሰው የደምዎን ነው። እኔ የምለው የአየሩን ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ከውጭ ያለ፣ እንደ ጥልቅ ውኃ ዙሪያዎን የሚጫን። አንዱ ከሌላው አይጣላም፣ ግን ለዚያኞቹ ሐኪሞች የደም ግፊትዎንም የሚወስዱትንም ሁሉ ይንገሯቸው። ክፍሉ ሲታመቅ ጆሮ ይደፈናል፤ ምራቅዎን ይዋጡ፣ ያዛጉ፣ ካመመዎት እጅዎን ያንሡ። የጥጥ ልብስ ብቻ ነው የሚለበስ። ክብሪት አይገባም፣ ቅባት የሚባል ነገር ሁሉ አይገባም፤ ኦክስጅን ባለበት እሳት ያስነሣል። ቅብዐ ቅዱስ ቢሆን እንኳ ታጥበው ነው የሚገቡት፣ አይቀየሙኝ።

አሁን ደግሞ ልብ ይበሉ። እኔ ሕመምተኞቹ አጠገብ ክፍሉ ውስጥ የምቀመጥ አስታማሚ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር በአሥረኛው ቀን የሚስቱን ሳል ሰማሁ ብሎ እየጮኸ ወጣ። ከእሱ ጋር በአንድ ቀን የጀመረች አስተማሪ ግን እስከ መጨረሻው ተመላልሳ እንደመጣች ተመለሰች። የሚለያቸውን ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ ቃል አልገባልዎትም። ባይሄዱ ግን ምንጊዜም «ብሄድ ኖሮ» ይላሉ፣ እኔም «ያን ጠላ ባልጽፍ ኖሮ» እላለሁ።

አዲስ አበባ የሚገኝ ቦታ አግኝቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ኢልሃም አውቶቡስ ተራ ትቀበልዎታለች፤ ማረፊያዎም ከእሷ ዘንድ ነው። የክፍያውን ነገር ከእሷ ጋር ጨርሰናል፣ አይጠይቁኝ። ለአስናቀው ግን እርስዎ ራስዎ ይንገሩት፤ በገሃድ።

ልጅዎ ዚነት

*

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት ፳፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለዚነት፤ በጠበበው ስፍራ ትንፋሽ የሚሰጥ አምላክ ትንፋሽሽን ይጠብቅ። ኢልሃም ለእኔ ብላ ቤቷን በሙሉ የጾም አድርጋዋለች፤ ሰላም ብላሻለች።

መዘግየቴ ምን እንደምጽፍልሽ ባላውቅ ነው። ከመነሣቴ በፊት አስናቀው ቤት ሄድሁ። «ያን ዕለት ዝም ያልኸው አንተ አይደለህም፤ ጆሮዬ ነው። ይቅር በለኝ» አልሁት።

«መሪጌታ!» አለ ራሱን ይዞ። «እኛማ ያን ዕለት እንደ ጉድ ነበር ያዜምነው! ከዚያማ የተቆጡት ድምፃችን ሰልሎ ነው ብለን በሁለተኛው እሑድ እየጮኽን ጉሮሯችን ተላጠ። ሁለቱ እስከ ዛሬ ዝንጅብል ያኝካሉ።»

ሳቅን። ቦታዎ ይጠብቅዎታል አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

መንገዱ ላይ ብዙ ጊዜ ቆመናል፤ ቢሆንም በሰላም ገባን። ሕክምናውን የጀመርሁት ሁለተኛው ሳምንት ሊሞላ ሲል ነው። ክፍሉ ነጭ በርሜል ይመስላል። በሩ ሲዘጋ በዓሣ ሆድ ያደረውን ነቢይ አሰብሁ፤ እሱ ግን ብቻውን ነበር፣ እኔ ከጎኔ ጨመዳ አለልኝ። የአርጆ ገበሬ ነው፤ የስኳር ቁስል እግሩን ይዞት መጥቷል። በመጀመሪያው ቀን «አባ፣ ጉራ ሞ ሚላ?» አለኝ፤ ጆሮ ነው ወይስ እግር ማለቱ ነው። «ጉራ» ብለው፣ «ጉራው የጠፋበት አማራ ዛሬ ገና አየሁ!» ብሎ ጭንብሉ እስኪንሸራተት ሳቀ። አስታማሚው ተቆጣን። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስገባ «ጉራው ተመለሰ ወይ?» ይለኛል።

ተመለሰ ልበለው? እነሆ የምጨነቅበት። ከትናንት በስቲያ በግራዬ አንድ ነገር ሰማሁ። ደስ ብሎኝ ለመፈተን አንዲት ሃሌታ አዜምሁ። ቀኝ ጆሮዬ የማውቃትን ሃሌታ ሰማ፤ ግራው ግን ያችኑ ድምፅ ከፍ አድርጎ፣ አጣሞ፣ በቆርቆሮ ውስጥ እንዳለፈች አድርጎ ሰማት። አንዲት ቃል በሁለት ድምፅ! የግዕዝና የዕዝል ዜማ በአንድ ጊዜ በአንድ አፍ አይዜምም፤ በእኔ ራስ ውስጥ ግን ይዜማል። ዝም ብሎ ቢቀር ይሻል ነበር? ሐኪሙ «ደግ ምልክት ሊሆን ይችላል» አለኝ። ዕድሜ ልኬን ስሕተት ሳርም ኖሬ፣ ስሕተትን እንደ ጤና ቍጠር ተባልሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?

አጎትሽ መሪጌታ ሀብተጊዮርጊስ

*

ኢዝሚር፣ ኅዳር 1 ቀን 2017

ለአያ መሪጌታ፣

አላህ ሶብሩን ይስጥዎት። ዛሬ እሑድ ነው፤ መዝጊያው ዛሬ እንደሆነ አልረሳሁም። የት ሆነው እንደሚያነቡት ስለማውቅ ብዙ አላወራም።

ስለ ሁለቱ ድምፅ ሐኪሜን ጠየቅኩት። ጆሮ ሲመለስ አንዳንድ ጊዜ እንዲያ ያጣምማል፣ ቆይቶ ሊስተካከል ይችላል፣ ላይስተካከልም ይችላል አለኝ። ይኸው እኔም «ይችላል» ብዬ ጻፍኩልዎ። ሌላ ቃል ብፈልግ አጣሁ። የቀረችዎትን ቀን ሁሉ ይጨርሱ፣ ኪኒኑንም ሐኪሙ በነገረዎት መሠረት ቀስ በቀስ እንጂ በአንዴ አያቋርጡ። ቀኝ ጆሮዎንም ከከበሮ አጠገብ ያርቁት።

ለጨመዳ «ጉራ አልጠፋም፣ መንገድ ላይ ነው» ይበሉልኝ።

ልጅዎ ዚነት

*

ነቀምቴ፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለዚነት፤ የሩቁን የሚያቀርብ፣ የተለያየውን የሚያገናኝ ጌታ ያኑርሽ። ሰኞ በሰላም ገባሁ። አባትሽ ከአንገር ጉቲን መጥቶ ሊጠይቀኝ ቤት ተቀምጧል። በቀኜ ተቀመጥ ብለው «እኔ ቀኝ ግራ አላውቅም» ብሎ በሁለቱም በኩል እየዞረ ይጮኽብኛል።

ዶክተር ቀነአ ደግሞ ለካኝ። ወፍራሙ ድምፅ በመጠኑ ተመልሷል፣ ቀጭኑ ገና ነው አለ። ኪኒኑ ይሁን፣ የብረቱ ክፍል ይሁን፣ በራሱ ይሁን ብዬ ጠየቅሁት። «ማንም ሊለይልዎ አይችልም፣ አባባ» አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ደግመን እንለካለን ብሏል።

ትናንት የሚካኤል በዓል ነበር። ማኅሌት ገባሁ። በመካከል አስናቀው ቆሟል፤ በመዝጊያውም የመራው እሱ ነው። ማንም ና አላለኝም፣ ማንም ሂድ አላለኝም። ሁሉም ወገን በቀኜ እንዲውል ብዬ ሄጄ በግራው ረድፍ መጨረሻ፣ በግድግዳው ጥግ ቆምሁ። በዚያ ቦታ ቆሜ አላውቅም። ከዚያ ሲታይ ማኅሌቱ ሌላ አገር ይመስላል። አስናቀው እኔ ከምወደው ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚመራ፤ ስሕተት ግን አላገኘሁበትም፣ ወይም አልሰማሁትም፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ከበሮው ሲመታ ግራዬ አንድ ነገር ተቀበለ። በጆሮዬ ይሁን፣ በባዶ እግሬ በወለሉ በኩል ይሁን፣ እሱንም አላወቅሁም። ምንጣፍ ደርቤ ቆምሁ፤ ከዚያም በኋላ አልለየሁትም።

ሲያልቅ ሰው ሁሉ መቋሚያውን እየሰበሰበ ወጣ። እኔ ጸናጽሌን በጨርቅ እየጠቀለልሁ አጎንብሼ ነበር። አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ ለሌላ እንዳይሰማ፣ «ዛሬ ዘገየሁ አይደል?» አለ።

«ዘግይተሃል» አልሁት፣ ቀና ሳልል። «ግን አላጠፋህም።»

ይህን ብዬ ጨርቁን ካሰርሁ በኋላ ነው ዘወር ያልሁት። አስናቀው በእኔና በግድግዳው መካከል፣ በግራዬ ቆሟል። ቀኝ ጆሮዬ ሰምቶ ይሆናል፤ ቤቱ ባዶ ነበርና። አስናቀውም የቆመበትን ያን ጊዜ አየ። ግድግዳውን ተመለከተ፣ እኔን ተመለከተ፤ ደግሞ ሊናገር አፉን ከፈተና፣ ዳግመኛ ባልሰማውስ ብሎ ፈርቶ መሰለኝ፣ ተወው።

አጎትሽ ሀብተጊዮርጊስ